የአበዳሪው ሒሳብ በዳኛ ፊት

የባቡር ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ፣ በደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ የተመሠረተችው ከተማ በሁለት ተከፍላ አደገች፤ በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው በመሐንዲስ ያስነደፈው ከዚራ ሲቆም፣ በሌላው ወገን የሶማሌ፣ የኦሮሞ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የዓረብ ነጋዴዎች የሰፈሩበት፣ የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት መጋላ ተስፋፋ። የአቢሲኒያ ባንክ ከቀደምት ቅርንጫፎቹ አንዱን በድሬዳዋ ቢከፍትም፣ የመጋላ ንግድ ግን በባንክ መስኮት ብቻ ሲካሄድ አልኖረም። ዕቃ በዱቤ ይወሰዳል፣ እቁብ ይጣላል፣ እቁቡ ሳይደርስ የቸገረው ነጋዴ ደግሞ ገንዘብ ካለው ሰው ይበደራል። ብድሩ በወቅቱ ሲመለስ ጉዳዩን ከሁለቱ ሰዎች በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሳይመለስ ሲቀርና አበዳሪው ፍርድ ቤት ሲሄድ ግን፣ ከሳሹ ለዳኛው ምን ያህሉን የመግለጥ ግዴታ አለበት የሚል፣ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ እንኳ የሚገባውን ያህል ያልተመረመረ ጥያቄ ይነሣል።

ጥያቄው በሌሎች አገሮች ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1900 ባወጣችው የገንዘብ አበዳሪዎች ሕግ ማበደርን ሙያ ያደረገ ሰው ሁሉ እንዲመዘገብ አስገደደች፤ በ1927 ደግሞ በምዝገባው ላይ ፈቃድን ጨምራ፣ የውሉ ቃል በሙሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ተበዳሪው ካልፈረመበት፣ ግልባጩም በሰባት ቀን ውስጥ ካልተሰጠው በቀር ብድሩ በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ደነገገች። የፍርድ ቤቶቹ የሥነ ሥርዓት ደንብ ከዚህም አልፎ፣ ገንዘብ አበዳሪ ክስ ሲመሠርት ብድሩን በሰጠበት ቀን ፈቃድ እንደነበረው፣ ከእጁ የወጣውን ገንዘብ ልክ፣ የሰጠበትን ቀን፣ የወለዱን ምጣኔ በዓመት አስልቶ፣ እስከ ክሱ ቀን የተከፈለውን፣ ያልተከፈለውንና የመክፈያውን ጊዜ አንድ በአንድ በክስ ማመልከቻው ላይ እንዲዘረዝር ያዝዝ ነበር። በቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ፑንጃብም እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣ ሕግ አበዳሪው ለእያንዳንዱ ባለዕዳ በየስድስት ወሩ የሒሳብ መግለጫ እንዲልክ ያስገድድ ነበር፤ ይህን ያላደረገ አበዳሪ ወለዱንና የክስ ወጪውን ሊያጣ ይችል ነበር። በ1938 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ አበዳሪ የሚያቀርበውን ክስ ውድቅ ያደርግ ነበር። እንግሊዝ የ1927ቱን ሕግ በ1974 በወጣው የተጠቃሚ ብድር ሕግ ብትተካውም፣ ያረፈበት ሐሳብ ግን አልተሻረም፤ ሐሳቡም የመንግሥትን የማስገደድ ኃይል ተጠቅሞ ገንዘቡን ሊያስመልስ የሚመጣ ሰው፣ በቅድሚያ ሒሳቡን ለዚያው መንግሥት ዳኛ ገልጦ ማሳየት አለበት የሚል ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የግል ገንዘብ አበዳሪዎች መዝገብ የለም። የማበደር ፈቃድ የሚሰጠው ለባንኮችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ሲሆን፣ እነዚህም ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰቡ የሚያበድሩ በመሆናቸው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ይውላሉ። ከራሱ ኪስ አውጥቶ ለሌላው የሚያበድር ግለሰብ ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2471 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ይገዛል። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት ተዋዋዮቹ ስለ ወለድ ካልተስማሙ ወለድ አይታሰብም፤ ቢስማሙም በዓመት ከ12 በመቶ ሊያልፉ አይችሉም፤ ጣሪያውን ከጣሱ የሚታሰበው ወለድ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ስለሚመሩ በዚህ ጣሪያ አይታሰሩም፤ የመጋላው ግለሰብ አበዳሪ ግን ይታሰራል። ሕጉ ስለዚህ ልኩን በግልጽ አስቀምጧል፤ ልኩ መጠበቁን ዳኛው የሚያውቅበትን መንገድ ግን በዚያው ግልጽነት አላስቀመጠም፤ የችግሩም ሥር እዚህ ላይ ነው።

የማስረጃው ደንብ በመጀመሪያ ሲታይ ተበዳሪውን የሚጠብቅ ይመስላል። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ አይችልም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ብዙ ወራት የተሠራበት ደመወዝ ነበር፤ ሕግ አውጪው ያሰበው ለትልልቅ ብድሮች እንደነበር ያስታውቃል። ዛሬ ግን ከአንድ ጆንያ እህል ዋጋ የሚያንስ ገንዘብ በመሆኑ፣ በቀፊራ ጉሊት የምትቸረችር ሴት የምትወስደው ብድር እንኳ ከዚህ ደንብ አያመልጥም። ይኸው የጽሑፍ ግዴታ ብድሩ ተከፍሏል ለሚለው ክርክርም ይሠራልና፣ ሰይፉ በሁለት በኩል ይቆርጣል፤ አበዳሪው ገንዘቡን ሲሰጥ ሳያስፈርም አይሰጥም፣ ተበዳሪው ግን በየወሩ ሲመልስ ደረሰኝ መጠየቅ ያፍራል ወይም ይፈራል፤ በመጨረሻ ዳኛ ፊት ሲቆሙ አንደኛው ወረቀት ይዞ፣ ሌላኛው ዳኛው ሊሰማለት የማይችለውን ምስክር ቆጥሮ ይቀርባል።

ክሱ የሚመራበት የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽን ሁሉ በእኩል የሚያይ እንጂ ለገንዘብ አበዳሪ የተለየ የመግለጥ ግዴታ የሚጥል አይደለም። በቁጥር 222 መሠረት የክስ ማመልከቻ የክሱን ምክንያት የሚያቋቁሙትን ፍሬ ነገሮች፣ ነገሩ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ፣ የገንዘቡን ልክና የሚጠየቀውን ዳኝነት መያዝ አለበት፤ በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃዎች ዝርዝር ይያያዛል፤ በማመልከቻው ግርጌም በቁጥር 92 መሠረት የቀረበው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ ከሳሹ ያረጋግጣል። ይህ የማረጋገጫ ቃል በየማመልከቻው ስለሚደጋገም እንደ መዝጊያ ሰላምታ መታየት ጀምሯል፤ ነገር ግን አውቆ ሐሰት ያረጋገጠን ሰው በወንጀል የሚያስጠይቅ ቃል ነው፤ አበዳሪው በብድር ያልሰጠውን ገንዘብ ሰጥቻለሁ ብሎ በዚህ ቃል ሥር ሲፈርም ክብደቱን ሊያስታውሰው የሚገባው ደግሞ ጠበቃው ነው።

ከዚሁ ጋር ልኩ የታወቀ የገንዘብ ዕዳን የሚጠይቅ ከሳሽ በቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ መንገድ ከሳሹ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ የክሱን ምክንያትና የገንዘቡን ልክ እንደሚያረጋግጥና በእርሱ እምነት ተከሳሹ መከላከያ እንደሌለው የሚገልጽ የመሐላ ቃል ነው፤ ተከሳሹ በበኩሉ መልስ ለመስጠት እንኳ አስቀድሞ በመሐላ ቃል ተደግፎ ፈቃድ መለመን አለበት፤ ካልለመነ ወይም ልመናው ተቀባይነት ካጣ ፍርዱ ይሰጥበታል። ለንጹሕ የንግድ ዕዳ ይህ ፍጥነት ተገቢ ነው። ፍጥነቱ የሚያስፈራው፣ የተጠየቀው ገንዘብ በውስጡ ምን ምን እንደያዘ ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ በመጋላም በአዲስ አበባ መርካቶም ስለሚሠራበት ቼክ መናገር ግድ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የተደነገገው ቼክ (ይህ የሕጉ ክፍል በአዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አልተሻረም) እንደ ቀረበ የሚከፈል የክፍያ ሰነድ ነው፤ ይኸውም በእጁ የያዘው ሰው ገንዘቡ በምን ምክንያት እንደሚገባው ሳይናገር ባንክ ሊያቀርበው፣ ባንኩ ሒሳቡ ስንቅ የለውም ብሎ ሲመልሰውም ይህንኑ ሰነድ አያይዞ ሊከስ ይችላል ማለት ነው። በብድር ዓለም ግን ቼኩ የክፍያ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ መያዣ ይሆናል። ለአብነት ያህል አንድ ነጋዴ 100,000 ብር በወር 10 በመቶ ለስድስት ወር ቢበደር፣ የስድስት ወሩ ወለድ 60,000 ብር ስለሚሆን፣ አበዳሪው የ160,000 ብር ቼክ ያስፈርመዋል። ቼኩ ላይ ብድር የሚል ቃል የለም፤ ወለድ የሚል ቃል የለም፤ ገንዘቡ የተሰጠበት ቀን የለም። ነጋዴው ሳይከፍል ቀርቶ አበዳሪው ሲከስ፣ የክሱ ምክንያት ተከሳሹ የ160,000 ብር ቼክ ሰጥቶኝ ስንቅ አልባ ሆኖ ተመለሰ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። የሕጉ ሒሳብ ቢሠራበት ኖሮ፣ የተስማሙት ወለድ ከጣሪያው እጅግ ስለሚያልፍ በ9 በመቶ ታስቦ የስድስት ወሩ 4,500 ብር፣ ዋናው ገንዘብ ተጨምሮበት 104,500 ብር በሆነ ነበር። የቀረው 55,500 ብር ሕግ የከለከለው ወለድ ነው፤ ሒሳቡን ማንም ስላልጠየቀ ግን በሕግ አስከባሪው ተቋም ማኅተም ሕጋዊ ዕዳ ሆኖ ይወጣል። ፍርዱ ደግሞ በጠቅላላው ላይ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሲጨምርበት፣ በተደበቀው 60,000 ብር ላይ ብቻ በየዓመቱ ሌላ 5,400 ብር ይወለዳል።

ተበዳሪው ይህን እውነት ራሱ ተናግሮ ዳኛው እንዲያውቀው ማድረግ አይችልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው። በሕግ ይችላል፤ ቼኩን በሰጠና በተቀበለ መካከል ባለ ክርክር የግንኙነቱን መነሻ ማንሣት ይፈቀድለታል። በተግባር ግን ሦስት ነገሮች አፉን ይይዙታል። አንደኛው የማስረጃ ሕጉ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005 እና 2006 መሠረት የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የጸና ማስረጃ በመሆኑ፣ ቃሉን የሚቃወም ወገን ለባላጋራው መሐላ ከማቅረብ በቀር፣ ፍርድ ቤቱ በከባድ ምክንያት ካልፈቀደለት ምስክር ማሰማት አይችልም። ሁለተኛው የወንጀል ሕጉ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ስንቅ የሌለው ቼክ ሆን ብሎ ማውጣት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ቼኩን የያዘው ሰው ተበዳሪውን ከፍትሐ ብሔር ክስ በፊት በእስር ፍርሃት ይይዘዋል። ሦስተኛው ነገር ኀፍረት ነው፤ በመጋላ ስሙ በዱቤ የሚያኖረው ነጋዴ አራጣ ተበድሮ መክሰሩን በአደባባይ ከመናገር ያልበላውን መክፈል ይመርጣል። ይህ የመጨረሻው ከሕግ መጽሐፍ ውጭ ቢሆንም ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሚያስገርመው ያው የወንጀል ሕግ በቁጥር 712 አራጣን ራሱን የሚቀጣ መሆኑ ነው። የሌላውን ችግር፣ ጥገኝነት ወይም የልምድ ማነስ መሣሪያ አድርጎ በሕግ ከተፈቀደው በላይ ወለድ ያበደረ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ ሥራውን ሙያው አድርጎ ሲይዘው ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ‹አይኤምኤፍ› እና ‹ወርልድ ባንክ› የሚሉ ቅጽል ስሞች ያወጣላቸው አበዳሪዎች በአራጣ ተከሰው መቀጣታቸው በዘመኑ ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ክሶች ግን በየጊዜው የሚመጡ አይደሉም፤ በየሳምንቱ በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚቀርበው የቼክ ክስ ይበዛል፤ አንዱ ችሎት የሚቀጣውን ወለድ ሌላው ችሎት ሳያውቅ የሚያስከፍልበት ሁኔታ የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቼክ ብቸኛው መሸፈኛ አይደለም። ብድሩ በአደራ የተሰጠ ገንዘብ ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም ተበዳሪው ቤቱን ወይም መኪናውን የሸጠ አስመስሎ የሽያጭ ውል ይፈርማል፤ ገንዘቡን ሲመልስ ውሉ እንደሚቀደድለት ቃል ይገባለታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን አስቀድሞ በመጠርጠር ዕዳው ካልተከፈለ መያዣው የባለገንዘቡ ይሁን የሚለውን ስምምነት ለተንቀሳቃሽ መያዣ በቁጥር 2851፣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት በቁጥር 3060 ዋጋ አሳጥቶታል። ወለድ አግድ የሚባለው ጥንታዊ ውል፣ ማለትም ባለገንዘቡ ቤቱን ይዞ በወለዱ ፋንታ እየተጠቀመበት የሚቆይበት ስምምነት፣ በተቃራኒው በሕጉ የታወቀና ከቁጥር 3117 ጀምሮ የራሱ ደንብ ያለው ነው፤ ቢያንስ ብድር መሆኑን አይደብቅም።

ፈቃድ ያላቸው አበዳሪዎች የሚገኙበት ሁኔታ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ሊሸጡ ስለሚችሉ ብዙ ጊዜ ክስ መመሥረት አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የወለዱን፣ የክፍያዎቹንና የውሉን ዋና ዋና ቃላት ለተበዳሪው አስቀድመው በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ከድሬ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም አነስተኛ ብድር የወሰደች ሴት ዕዳዋን በቁጥር ልታውቅ ስትችል፣ ከዚያው ሰፈር ግለሰብ የተበደረው ጎረቤቷ የፈረመበት ወረቀት ውስጥ የትኛው ዋና፣ የትኛው ወለድ እንደሆነ ሊያሳይ አይችልም። ቁጥጥሩ የበዛው ይበልጥ ግልጽ በሆነው ላይ ነው፤ ጨለማው ያለበት ቦታ ያለ ተቆጣጣሪ ቀርቷል።

አብዛኛው ሙስሊም በሆነበት በመጋላ የሚታወቅ ሌላ ሥርዓት ደግሞ አለ። በእስልምና ወለድ የተከለከለ ከመሆኑ ሌላ፣ ከቁርኣን አንቀጾች በርዝመቱ ቀዳሚ የሆነው የአል በቀራ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ ለጊዜ የተሰጠ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዛል፤ ጽሑፉን ቃል በቃል የሚያስጽፈው ደግሞ ባለገንዘቡ ሳይሆን ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን ያደርጋል፤ ዐቅም ቢያንሰው እንኳ ጠባቂው ስለ እርሱ ያስጽፋል። ይህ ደንብ ደካማው ወገን ያለበትን ዕዳ በራሱ አንደበት እንዲናገር በማድረግ፣ ዘመናዊ ሕጎች ከብዙ ዘመን በኋላ በምዝገባና በግልባጭ ሊደርሱበት የሞከሩትን ነገር በውሉ ቀን ላይ ያኖረዋል። ባዶ ቼክ አስፈርሞ ቁጥሩን በኋላ መሙላት የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት በመሆኑ፣ ይህን መሰሉ የገንዘብ ክርክር የሚታየው በከተማዋ በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ የማየት ሥልጣን አለው። የመጋላ የብድር ክሶች ከሞላ ጎደል በዚህ ወሰን ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ ለአንድ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚበቃ አጭር ደንብ ብዙውን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ይኸውም በቼክም ይሁን በሌላ ሰነድ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሳሽ ሰነዱ ከብድር የመነጨ ከሆነ ይህንኑ እንዲገልጽ፣ ከእጁ የወጣውን ገንዘብ ከወለዱ ለይቶ እንዲጽፍ፣ የሰጠበትን ቀንና የተቀበለውን ክፍያ ሁሉ እንዲዘረዝር፣ ከብድር የመነጨ አይደለም የሚል ከሆነም የሸጠውን ዕቃ ወይም የሰጠውን አገልግሎት እንዲያመለክት የሚያዝዝ ደንብ ነው። ቼክ ምክንያቱ ሳይጠየቅ መከፈሉ ለንግድ የሚሰጠውን እምነት ይህ ደንብ ያናጋዋል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ክብደት ያለው ተቃውሞም ነው። ነገር ግን እምነቱ ሊጠበቅ የሚገባው ቼኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ስለ መነሻው ለማያውቅ ሦስተኛ ሰው ሲደርስ ነው፤ ክርክሩ በሰጪውና በመጀመሪያው ተቀባይ መካከል ሲሆን፣ ሁለቱም የሚያውቁትን እውነት ለዳኛው እንዲናገሩ ማድረግ የማንንም ንግድ አይጎዳም።

አዲስ ደንብ እስኪወጣም ቢሆን ዳኛው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 241 ጀምሮ ክሱ በሚሰማበት የመጀመሪያ ቀን ግራ ቀኙን ጠይቆ የሚካድና የሚታመነውን እንዲለይ፣ ከዚያም ጭብጥ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ከሳሹን ገንዘቡን መቼ፣ በምን መንገድ፣ ስንት አድርገህ ሰጠህ ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ በላይ ሥልጣን አያስፈልገውም። በቁጥር 145 ደግሞ በሌላ አካል እጅ ያለ ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር የተላለፈ ከሆነ፣ 160,000 ብር አበደርሁ ያለው ሰው በዚያን ቀን 100,000 ብር ብቻ ማስተላለፉን የባንኩ መግለጫ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የገባለት ክፍያም በዚያው ወረቀት ላይ ተራ በተራ ይታያል። ማንበብ የማይችል ተበዳሪ በጣት አሻራው የፈረመበት ውል ሲቀርብም፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት አሻራው ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ዳኛው ራሱ አንሥቶ ቢመረምር፣ በመጋላ ብዙ ዕዳ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ እንደ አዲስ ይነበባሉ።